ሆዳሙ ሮቶ

ስምንት ዓመቴ ላይ የአባቴን ታላቅ እህት፣ እትዬ ባጊራቲን፣ በመመረዝ ከስሼ አስፈረድኩባቸው። ማስረጃ ነበረኝ። የዓይን ምስክር ነበረኝ፤ ምስክሯም እኔው ነበርኩ። ተከሳሿም በሰው ፊት ቆመው አመኑ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኬሚስትሪ ተምሬ ወጥቻለሁ፤ እንደዚያ ጥርት ያለ ውጤት በቤተ ሙከራም አግኝቼ አላውቅም። እንከኑ አንድ ብቻ ነበር፤ ከጠቅላላው ነገር አንዱም እውነት አልነበረም።

ተመረዘ የተባለው ሮቶ ነው። በሕንድ፣ በፑኔ ከተማ፣ ሳዳሺቭ ፔት በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ ከቤታችን ጠፍጣፋ ጣራ ላይ ሁለት ጥቁር የውሃ ሮቶዎች ነበሩን። ትልቁ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ተቀምጧል። ትንሹ በአፉ ተደፍቶ በትልቁ ውስጥ ይንሳፈፋል። በጎን በገባው ወፍራም ቧንቧ የአትክልት ልጣጭ፣ የላሸቀ ቲማቲም፣ የደረቀ የጎመን ቅጠል ተፈጭቶ ከውሃ ጋር ይገባል። ውስጡ ይብላላና ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም የተደፋውን ሮቶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሮቶው ከፍ ካለ ጋዝ አለ፤ ዝቅ ካለ የለም። ከአናቱ የወጣ የጎማ ቱቦ በግድግዳው ወርዶ፣ በኩሽናው መስኮት ገብቶ፣ ከምድጃው ይገጥማል። ይኸው ነው። እናቴ ዛሬ ይህን ለሰው ለማስረዳት አራት ደቂቃ አይፈጅባትም።

ለእኔ ግን ያኔ ሮቶው እንስሳ ነበር። ይበላል፤ ይነፋል፤ ሲርበው ይሰምጣል፤ ሲጠግብ በቧንቧው በኩል የሚያገሳ ይመስል ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ጣራ ላይ ወጥቼ የደረሰበትን ከፍታ ጎኑ ላይ በጠመኔ አሰምርለት ነበር። ከቤታችን ሰዎች ሁሉ ሲያድግ የሚታየው እሱ ብቻ ነበር።

ሮቶውን ያመጣችው እናቴ ሱሻማ ናት። አንድ ድርጅት ሴቶችን ሰብስቦ የወጥ ቤት ጥራጊን ወደ ማገዶ ጋዝ መለወጥ ያስተምር ነበርና ተመዝግባ፣ በሳምንት ሦስት ቀን እየሄደች ተማረች። ቧንቧ መቁረጥ፣ ማጣበቅ፣ ማሰር ቻለች። ከዚያ ድርጅቱ አስተማሪ ሊቀጥር እንደሆነ ሰማች። በሰኔ መጨረሻ ኢንጂነር ፓራንጅፔ የሚባል፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ቀጭን ልጅ፣ የዝናብ ካፖርቱ ውሃ እያንጠባጠበ ሳሎናችን ገብቶ ነገሩን በግልጽ ነገራት።

«በበጋማ ማንም ሮቶ ጋዝ ይሰጣል ወይዘሮ ሱሻማ፤ ሙቀቱ ራሱ ይሠራለታል። እኔ የምፈልገው በክረምት ነው። በክረምቱ ማብቂያ፣ የጋኔሽ በዓል ከመግባቱ በፊት ባለው ሐሙስ እመጣለሁ። በዚያ ቀን የስድስት ሰው ምሳ በዚህ እሳት ብቻ ከበሰለ ሥራው የእርስዎ ነው። ደመወዝ አለው፤ ስኩተርም ይሰጥዎታል።»

«ካልበሰለስ?» አለ አባቴ። አባቴ ሽሪካንት የባቡር ጣቢያ ትኬት ሻጭ ነው፤ ሰውን ሁሉ በጠባብ መስኮት አሳልፎ የሚያይ ይመስላል።

«ካልበሰለ ሌላ ሴት አለች።»

«እንዲያ ከሆነ እኔም ልናገር» አለ አባቴ። «ካልበሰለ ያ ነገር ከጣራዬ ይወርዳል። ሽሪካንት ሚስቱን ቆሻሻ አስለቃሚ አደረጋት ሲባል ሦስት ወር ሰማሁ፤ ይበቃኛል።»

እናቴ ተነሣች። ለኢንጂነሩ ፎጣ ሰጠችው። ስትናደድ ሁልጊዜ ለሰው ፎጣ ትሰጣለች።

እትዬ ባጊራቲ ደግሞ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። በሃያ ሁለት ዓመታቸው ባላቸው ሞቶ ወደ አባታቸው ቤት ተመልሰው፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቤት አላዩም። ልጅ የላቸውም። የነበራቸው ማዕረግ አንድ ነው፤ ንጹሕ ናቸው። ማለዳ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባሉ፤ ማንም ሳይነካው የደረቀውን ሳሪ ይለብሳሉ፤ ምሳ እስኪያልቅ ድረስ የሰው ልብስ እንኳ እንዲነካቸው አይፈቅዱም። በኩሽናው በር ስናልፍ «አትንኪኝ! ራቅ በይ!» የሚለው ድምፃቸው ነው የልጅነቴ ደወል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በአፋቸው አይዞርም፤ በክረምቱ አራት ወር ደግሞ እኛም እንድንበላ አይፈቀድልንም። ዘመዶቻችን የሙታን መታሰቢያ ሲያወጡ ምግቡን የሚያስበስሉት እሳቸውን ለምነው ነበር። «የባጊራቲ እጅ» ይባላል፤ ሌላ አይጨመርበትም።

እናም ቱቦው በመስኮት ሲገባ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

«እኔ በምን እሳት ላይ ነው ሩዝ የምጥደው? በእድፍ?»

«እትዬ፣ መጀመሪያ የተጨመረበት የላም እበት ነው» አለች እናቴ። «አምስት ባልዲ ሙሉ።»

ይህ ከባድ ምት ነበር። በእኛ ዘንድ የላም እበት ያነጻል እንጂ አያረክስም፤ ይህን ደግሞ ከእትዬ ባጊራቲ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በሕጉ ቀዳዳ እንደተረታ ዳኛ ሳሪያቸውን አስተካከሉ።

«ደህና። እበት ከሆነ ንጹሕ ነው። ግን ስሚኝ ሱሻማ፤ ሽንኩርት አይገባም። ነጭ ሽንኩርት አይገባም። ከሰው ሳህን የተረፈ፣ የሰው ምራቅ የነካው ነገር አይገባም፤ የወንድሜም ቢሆን፣ የንጉሥም ቢሆን። የገባ ቀን በዚያ እሳት የፈላ ውሃ አልጠጣም።»

«እሺ እትዬ።»

«እሺ ማለትሽን አውቃለሁ። ምስሩ ላይም እሺ ብለሽኝ ነበር።»

ምስሩ ላይ ያለው ጦርነት ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። እትዬ ጥቁር ስኳር ይጨምሩበታል፤ እናቴ ታሳንሳለች። «ይኼ ምስር ነው ወይስ የሐኪም መድኃኒት?» ይላሉ። «የሐኪም መድኃኒት ቢሆን ዝም ብለው ይጠጡት ነበር» ትላለች እናቴ። በዚህ መካከል አባቴ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ይይዛል።

ሕጉ ሮቶውን በረሃብ ሊገድለው ነበር። ሮቶው በቀን ሁለት ኪሎ ይፈልጋል፤ ከአራት ሰው ኩሽና የሚወጣው ንጹሕ ልጣጭ ግማሽ ኪሎ ቢሞላ ነው። ሐምሌ ገባ፤ ዝናቡ ሳያባራ ወረደ፤ የጠመኔ መስመሮቼ በየቀኑ ዝቅ እያሉ ሄዱ። እናቴ አሮጌ ብርድ ልብሶች አለበሰችው። ለብ ያለ ውሃ አፈሰሰችበት። አንድ ቀን ሩዙ ሳይበስል እሳቱ ድርግም አለ፤ አባቴም ጥሬውን ሩዝ እያኘከ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። እናቴ ያን ዕለት ሁለት ፎጣ ሰጠችው።

ከሳምንት በኋላ ሮቶው መነሣት ጀመረ።

በቀን አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ከዚያ አንድ ስንዝር። እናቴ በየጠዋቱ ወጥታ በእጇ መታ መታ ታደርገውና ትስቃለች። «ብርድ ልብሱ ነው» ትላለች። «አይ፣ ለብ ያለው ውሃ ነው።» አባቴ እንኳ አንድ እሁድ ወጥቶ ሲዞረው አይቻለሁ። ደስ ያላለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ምን እንደሚያሳብጠው አውቅ ነበራ።

ከምሳ በኋላ ቤቱ ይተኛል። እኔም መተኛት አለብኝ፤ ግን እንቅልፍ ጊዜ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም አምናለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ስጠብቅ እትዬ ባጊራቲ በጓሮው በር ይወጣሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያሉ። ሲመለሱ በሳሪያቸው ጫፍ የተሸፈነ ባልዲ ይዘዋል፤ ከባድ ስለሆነ አንድ ትከሻቸው ያዘነብላል። በጣራው ደረጃ ቀስ ብለው ይወጣሉ። ተከትዬ በደረጃው መታጠፊያ ላይ ጆሮዬን ሳቆም፣ ውሃ ሲንቦጫረቅና እትዬ ሮቶውን ሲያናግሩት እሰማለሁ።

«ብላ! ብላ አንተ ሆዳም። ሆድህ ይፈንዳ። ብላ!»

ከዚያ ወርደው ይታጠባሉ። በቀን ሁለተኛ መታጠብ፣ ያውም በክረምት፣ በቀዝቃዛ ውሃ፤ ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ከበሩ ማዶ ይሰማል። መርዙን ከእጃቸው እያስለቀቁ እንደሆነ ለመረዳት ኬሚስትሪ አላስፈለገኝም።

በዚያው ሳምንት ደግሞ ከምድጃው የወጣ ምግብ መብላት አቆሙ። «ስእለት አለብኝ» አሉ። ለእኛ ያበስላሉ፤ ለአማልክቱ የሚያቀርቡትን ግን ስኳርና ጥሬ ወተት ብቻ አደረጉት፤ እሳቸውም በሙዝና በውሃ በተዘፈዘፈ ኦቾሎኒ ይውላሉ። ከገዛ መርዙ የሚሸሽ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። የሰፈራችን ውሻ ተመርዞ ሲሞት ሆዱ እንዴት እንዳበጠ አይቼ ነበር። ሮቶውም እያበጠ ነው፤ እናቴ ደግሞ እየሳቀች መታ መታ ታደርገዋለች።

ለእናቴ ለምን አልነገርኳትም? ነግሬአት ነበር። «እትዬ ሮቶውን ይረግሙታል» አልኳት። «እኔንም ይረግሙኛል፤ ይኸው አለሁ» አለችኝና ቧንቧ መቁረጧን ቀጠለች።

ስለዚህ ባለሙያ አማከርኩ። ኬታኪ በክፍላችን የምትቀመጠው ከአጠገቤ ነው፤ አባቷ የመርፌና የክር ሱቅ አለው። ነገሩን በእረፍት ሰዓት፣ ጉዋቫ እየገመጥን ነገርኳት።

«ሰው ሲተኛ ነው የሚወጡት?» አለች።

«አዎ።»

«ብቻቸውን ያወራሉ?»

«ከሮቶው ጋር።»

«ምግብስ አይበሉም?»

«ሙዝ ብቻ።»

«አለቀ። አክስትሽ ቡዳ ናቸው።»

«አትበዪ!»

«እኔ ምን ላድርግሽ? መድኃኒቱ ሎሚ ነው። አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ በር ላይ አንድ ሎሚና ሰባት ቃሪያ ያንጠለጥላል። የሰው ዓይን ሲመጣ ሎሚው ላይ ያርፋል፤ ሱቁን አይነካም።»

«ለሱቅ አንድ ከሆነ ለሮቶ ስንት ነው?»

ኬታኪ አሰበች። «ሱቃችን ጤነኛ ነው። ላልታመመ አንድ ይበቃል። ለታመመ ግን ብዙ ነው። ማንጠልጠልም አይጠቅመውም፤ ካበጠ በኋላ መዋጥ አለበት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ካላመንሽኝ ለምን ጠየቅሽኝ?»

ኬታኪ ዛሬ የጥርስ ሐኪም ናት። አሁንም በዚያው ድምፅ ነው የምታወራው።

ብዙ ሎሚ የት እንዳለ አውቅ ነበር። እትዬ ባጊራቲ በየዓመቱ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ የሚበቃ ሎሚ በጨው ይዘፈዝፋሉ። በዚያ ሰሞን መቶ ሃምሳ ሎሚ በአራት በአራት ተሰንጥቆ፣ በጨው ተለውሶ፣ በትልቅ የሸክላ ማሰሮ ኩሽናው ጥግ ተቀምጦ ነበር። በገዛ ሎሚያቸው ክፋታቸውን ማክሸፍ ፍትሐዊ መሰለኝ። እሁድ ከሰዓት፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታጠቡ፣ በምሳ ዕቃዬ እየሞላሁ ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሎሚውን በቧንቧው ከትቼ በዱላ ገፋሁት። በሥርዓቱ መሠረት ሰባት ቃሪያም ጨመርኩ። ጨው የገባበት እጄ ሌሊቱን ሲያቃጥለኝ አደረ፤ ስለ እውነት የተከፈለ ዋጋ ነው ብዬ ቻልኩት።

ሰኞ ማታ እትዬ ማሰሮውን ከፍተው ሲያዩ እያየኋቸው ነበር። ረጅም ጊዜ አፈጠጡበት። ከዚያ ክዳኑን መልሰው አንድም ቃል ሳይናገሩ ሄዱ። በእኛ ቤት አንዲት ማንኪያ ስትጠፋ ጎረቤት የሚሰማው ጩኸት ይነሣል፤ መቶ ሃምሳ ሎሚ ሲጠፋ ዝም አሉ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን አለ?

እናቴ ከዚያ እሁድ ጀምሮ ለሐሙስ እንዲጠራቀም ብላ የሮቶውን መዝጊያ ዘግታ በተገዛ የጋዝ ሲሊንደር ታበስል ነበር። ሮቶው ሰኞ ከፍ አለ። ማክሰኞ የበለጠ ከፍ አለ። ረቡዕ እንዳይወድቅ በገመድ አሰረችው። ከጠመኔ መስመሮቼ ሁሉ በላይ ነበር፤ እኔም ሎሚው እየሠራ ነው አልኩ።

ሎሚው በእርግጥ እየሠራ ነበር።

ሐሙስ ኢንጂነሩ በሰዓቱ መጣ። አባቴ ፈቃድ ወስዶ ቀርቷል። የአባቴ አጎት ዲጋምበርም መጥተዋል፤ በዘመዶቻችን መካከል ማን ከማን ጋር መብላት እንዳለበት የሚወስኑ፣ ሳይጠሩ የሚመጡ ሽማግሌ ናቸው። ኢንጂነሩ ጣራ ላይ ወጥቶ ሮቶውን ሲያይ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«በክረምት እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም! ወይዘሮ ሱሻማ፣ ምን ብታበሉት ነው?»

«ልጣጭ» አለች እናቴ። ጆሮዋ እስኪቀላ ድረስ ደስ ብሏት ነበር። «የቤታችንን ልጣጭ ብቻ።»

ሩዙ ታጥቧል፤ ምስሩ ተለቅሟል፤ ድስቱ ተጥዷል። እናቴ መዝጊያውን ከፈተች። ጋዙ ሽሽሽ አለ። ክብሪት ጫረች። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ብልጭ አለና ከምድጃው ተነሥቶ ጠፋ። ሁለተኛ ጫረች። ሦስተኛ። ጋዙ እየጮኸ ይወጣል፤ አይነድም። ስድስተኛው ክብሪት ጣቷን ለበለባት። አሥረኛው ላይ አባቴ «ተይው በቃ» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ድል አልነበረም፤ ያ ይባስ አስፈራኝ።

ዛሬ ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር እችላለሁ። ሮቶው ውስጥ የሚነደውን ጋዝ የሚሠሩት ተሕዋስያን ኮምጣጣ ነገርና ብዙ ጨው አይችሉም፤ እነሱ ሲሞቱ የሚቀሩት ሌሎቹ ሆድ የሚነፋ እንጂ የማይነድ ጋዝ ያወጣሉ። ስለዚህ አዎ፣ ታሞ ነበር ያበጠው። ምርመራዬ ልክ ነበር፤ ያሳመመው ግን ሐኪሙ ራሱ ነበር።

ተመልሰን ጣራ ላይ ስንወጣ ኢንጂነሩ ከኪሱ ቀለም የሚለውጥ ወረቀት አውጥቶ በቧንቧው ነከረ። ወረቀቱ ቀላ። «ኮምጥጧል» አለ። እጀታውን ሰብስቦ በእናቴ ጭልፋ ቧንቧውን ቆፈረና የሎሚ ሩብ አወጣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ቃሪያ።

«ማነው ሎሚ የከተተበት?»

ሁላችንም ወደ ታች ወረድን። አባቴ በቀጥታ ወደ ማሰሮው ሄዶ ክዳኑን ገለጠው። ባዶ ነበር። ሁሉም ወደ እትዬ ባጊራቲ ዞረ። እኔ ያን ጊዜ እጄን ከጀርባዬ ደበቅኩ፤ ምክንያቱም ሎሚው የእኔ ነበር። ግን ነገሩን አስቡት፤ እውነተኛዋ ጥፋተኛ ሊያዙ ነው፤ የጎደለ ነገር ቢኖር ማስረጃው በትንሹ የተሳሳተ መሆኑ ነው። ለዚህ ሲባል ጥፋተኛ ይለቀቃል?

«አይቻቸዋለሁ!» አልኩ። «በየቀኑ ሰው ሲተኛ በባልዲ ይዘው ይወጣሉ! ሆድህ ይፈንዳ ይሉታል! ከዚያ ይታጠባሉ!»

እትዬ ባጊራቲ አዩኝ። ቁጣ አልነበረም፤ ሩዝ ውስጥ ጠጠር ሲያገኙ እንደሚያዩት ነው ያዩኝ።

«እህቴ» አለ አባቴ፣ «እውነት ነው? ባልዲ ይዘሽ ትወጪ ነበር?»

«ነበር።»

«በባልዲው ምን ነበር?»

አጎት ዲጋምበር አንገታቸውን አስግገው ቀረቡ። እትዬ ባጊራቲ የእሳቸውን ፊት አዩ፤ ከዚያ የአባቴን፤ ከዚያ ባዶውን ማሰሮ።

«ሎሚ» አሉ።

«በየቀኑ? ሎሚ?»

«በየቀኑ።»

«ለምን?»

«ስለማልወደው» አሉና ሳሪያቸውን ሰብስበው ወጡ። አጎት ዲጋምበር ምላሳቸውን አጮሁ። «የባል ቤት ያልበረከተላት ሴት፣ ቅናት ነው» አሉ፤ ግን ምሳቸውን የሲሊንደሩ እሳት ላይ እትዬ ባጊራቲ እንዲያበስሉላቸው ጠብቀው ነው የሄዱት።

ሥራው ለሌላዋ ሴት ተሰጠ። እናቴ ስኩተሩን ያገኘችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ያቺ ሴት ጣራ መውጣት ያዞራታል ተብሎ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት እናቴና እትዬ ባጊራቲ ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ ኩሽና ውስጥ ዋሉ፤ ምስሩንም እኔ ነኝ የበላሁት።

አባቴ ሮቶው ይውረድ ብሎ ነበር። እናቴ መጀመሪያ ልታጥበው በባልዲ እየቀዳች አፈሰሰችው። ከታች፣ ያልበሰበሰ የሽንኩርት ልጣጭ በእፍኝ በእፍኝ ወጣ፤ በክረምት፣ ሽንኩርት በማይገባበት ቤት። የነጭ ሽንኩርት ገለባም ነበር። የበግ ቀንድ ብታገኝ ከዚያ በላይ አትደነግጥም። ሽንኩርቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ግን ብዙ አላሰበችም፤ ከጓሯችን ቀጥሎ የሺንዴ ምግብ ቤት አለ፤ ለፈተና ከየአገሩ የመጡ፣ ዘራቸው ያልተጠየቀ ሁለት መቶ ተማሪዎች እዚያ ይበላሉ፤ ትርፍራፊያቸው ከሰዓት በኋላ በጓሮ በር ይደፋል። እትዬ ባጊራቲ፣ ጥላችን ሲነካቸው የሚታጠቡት፣ የእነዚያን ልጆች ሳህን ጥራጊ በእጃቸው እያፈሱ ሰባት ሳምንት ተሸክመውታል። ከረከሰው እሳት ስለማይበሉም ሰባት ሳምንት በሙዝ ኖረዋል። እኛን ግን ከዚያው እሳት አብልተውናል፤ ስለ እኛ ነፍስ ያን ያህል አይጨነቁም ነበር።

እናቴ ልጣጩን ቀበረችውና ምንም አልተናገረችም። ሮቶውን መልሳ ልትገጥም ስትል አባቴ ሊጮህ አፉን ከፈተ። እትዬ ባጊራቲ ከኩሽናው ሆነው «ጣራው የአባቴ ጣራ ነው፤ ይቀመጥ» አሉ። አባቴ እህቱ ምን እንደምትፈልግ እስከ ዛሬ አልገባውም። ከሚቀጥለው ቀን ጀምሮ የሺንዴን ባልዲ ሰው ሲተኛ የምትሸከመው እናቴ ሆነች። እትዬም «ስእለቴን አራዝሜዋለሁ» ብለው የራሳቸውን ትንሽ የከሰል ምድጃ ገዙ። ዛሬም ድረስ የሮቶው ቀለብ ያው ነው።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲ ስለ አሲድ ተምሬ መጥቼ፣ ሎሚውን የከተትኩት እኔ ነኝ ብዬ ስናዘዝላት። ቀጥዬ ወደ እትዬ ባጊራቲ ሄድኩ። ሩዝ እየለቀሙ ነበር።

«እትዬ፣ ሎሚውን የከተትኩት እኔ ነኝ።»

«አሁን ነው የገባሽ?» አሉ ቀና ሳይሉ። «አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብሽ? ዩኒቨርሲቲ የሚሉት ይኼ ነው?»

«ያውቁ ነበር?»

«ሰኞ ጠዋት እጅሽ ቀልቶ ነበር፤ ከሰዓት ባልዲውን ይዤ ስወጣ ሎሚው በቧንቧው አፍ ላይ ተንሳፍፎ አየሁት። እጄን እስከ ክርኔ አግብቼ ያገኘሁትን አወጣሁ። ሠላሳ ያህል። ሌላው ሰምጧል።»

«ታዲያ ለእናቴ አይነግሯትም ነበር? ሦስት ቀን ነበራችሁ! ሊተርፍ ይችል ነበር!»

«ሰኞ ከሰዓት ጣራ ላይ ምን ትሠሪ ነበር ብትለኝስ?»

በእሳቸውም፣ በእኔም፣ በዲጋምበርም ተናድጄ ነበር። «ለሁሉም እናገራለሁ» አልኩ። «ለአባዬም፣ ለአጎት ዲጋምበርም። እርስዎ ለእናቴ ብለው እንዳደረጉት…»

«ለእናትሽ?» የእውነት ገረማቸው። «እናትሽ በሳምንት ሦስት ቀን ስትወጣ ኩሽናው የእኔ ነበር፤ ምስሩ ምስር ይሆን ነበር። ስኩተር ቢሰጧት ስድስት ቀን ትወጣ ነበር።» አንድ ጠጠር አንሥተው ጣሉ። «ለማንም አትናገሪም። አንቺ ሎሚውን ከወሰድሽው፣ በባልዲው ምን ነበር ይሉኛል። ክፉ ናት ይበሉኝ፤ ከክፉ ሰው እጅ ይበላል። ከረከሰ ሰው እጅ ግን ማን ይበላል?»

ቁጭ ብዬ ከእሳቸው ጋር ሩዝ መልቀም ጀመርኩ።

ባለፈው ዓመት ሞቱ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን መታሰቢያቸው ላይ ዘመዱ ሁሉ ተሰብስቦ፣ በረድፍ ተቀምጦ፣ በሙዝ ቅጠል ላይ ሲበላ፣ አጎት ዲጋምበር ተናገሩ። ጥርስ የላቸውም፤ ፍርድ ግን አሁንም ይሰጣሉ።

«ምላሷ እሳት ነበር» አሉ። «ይቺን ምስኪን ሱሻማን ሁለት ዓመት አስቀረቻት፤ እግዜር ይቅር ይበላት። ግን ንጽሕናዋ! በዕድሜዋ ሙሉ አንዴ እንኳ የሰው ትርፍራፊ በእጇ ነክታ አታውቅም። እንዲህ ያለች ሴት ከእንግዲህ አትገኝም።»

አፌን ከፈትኩ። እናቴ ሩዝ እያደለች በረድፉ ስታልፍ ነበርና ጭልፋዋን ቅጠሌ ላይ ገለበጠችው። «ብዪ» አለችኝ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ፣ ፊቷ ላይ አንድም ነገር ሳይነበብ፣ «እውነት ነው፤ አንድም ቀን ነክተው አያውቁም» አለች።

ሩዙ የበሰለው ጠዋት፣ እኔው በጫርኩት ክብሪት፣ በሮቶው እሳት ላይ ነበር። አጎት ዲጋምበር ራሳቸውን በሐዘን እየነቀነቁ ቅጠላቸውን ወደ እናቴ ገፉት፤ ሦስተኛ ጊዜ እንዲጨመርላቸው።